መቁረጫ ነጥብ

ላቱር፣ አውቶቡስ ተራ፣ ከጎማ ጠጋኙ በር፣
ፎቶኮፒ ቤት አለኝ፤ አንድ ማሽን፣ ሁለት ወንበር፣
ደግሞም አንድ ደብተር።

ዓመቱን ሙሉ የመሬት ካርታ፣ የልደት ወረቀት አባዛለሁ፤
ሰኔ ሲገባ ግን፣ ውጤት ሲወጣ፣ ጠንቋይ እሆናለሁ።
«ጋሽ ቪላስ፣ ልጄ ስድስት መቶ ሁለት አመጣ፤ ይደርሰዋል ወይ?»
«ጋሽ ቪላስ፣ የእኔዋ አራት መቶ ሠላሳ፤ እስቲ አንዴ እይ!»
ዝናብ እየተንጠባጠበ ከጃንጥላቸው ጫፍ፣
ይሰለፋሉ። ምራቅ ባስነካሁት ጣት እገልጣለሁ መጣፍ፤
ደብተር ብይዝ ደብተራ አይደለሁ፣ ኮከብ አልቆጥርም፤
የምቆጥረው የአምናን ነው። ዘንድሮን ማንም አያውቅም።

የአሥራ አንድ ዓመት መቁረጫ ነጥብ በእጅ ጽሕፈቴ ሰፍሯል፤
በየኮሌጁ፣ በየዙሩ፣ የመጨረሻው ልጅ በስንት ገብቷል፣
በቀይ ሕክምና፣ በሰማያዊ ጥርስ፤
ከሁለቱ በታች ያለውን አልጽፍም፤ ለዚያ ገጹም አይደርስ።
«ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ነው፤ ነጥብ አይቆርጥም» እላቸዋለሁ።
ማታ ሱቄን ስዘጋ፣ ይህን ያልኩበትን አፍ እታዘበዋለሁ።

እኔም ሦስት ጊዜ ተፈትኛለሁ፤ ሦስቴም ከመስመር በታች።
በአራተኛው አባቴ ይህን ማሽን ገዛ፤ እናቴ
መጽሐፎቼን ለኦቾሎኒ ቆይ በኪሎ ሸጠች።
የከተማው ግንብ ሁሉ ፎቶ ነው፣ የአንደኞቹ፤
ዝናቡ አገጫቸውን ልጦታል፤ ይስቃሉ ግን ልጆቹ።

ትናንት አመሻሹ ላይ፣ ሰልፉ ሳስቶ፣
ዳታትራይ መጣ፣ ባጃጁን ከኩሬው ዳር ገትቶ፤
ልጁ ሙክታ ከኋላው፣ ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ፤
ሁለት ዓመት ያጠናች፣ በኪራይ ክፍል፣
በቀን አሥራ አራት ሰዓት፣ ሳታይ ሌላ።

«ስንት?» አልኳት። «አምስት መቶ ሠላሳ ስምንት።»
ሳልገልጥ አውቄዋለሁ፤ ቀድሞ ይሰማል ሰውነት።
የመንግሥት ሕክምና አይታሰብ። የግሉ ክፍት ነው ይባላል፤
ለአንድ ዓመቱ ብቻ ሦስት ባጃጅ ያሸጣል።
«ስንት ጎደላት?» አለ። «አምስት ነጥብ» አልኩት በቀስታ።
«አንድ ጥያቄ ናት፤ አራቱ ሳይገባ፣ አንዱ ተቀንሶ» አለች ሙክታ፤
«‹የእንቁራሪት ልብ ስንት ክፍል አለው?› ይላል።
ልቤ ሦስት አለኝ፤ እጄ አራትን አጠቆረ፤
አንዴ ከጠቆረ ማን ይፍቀዋል?»

በዚያች በአምስት ነጥብ መሐል ስንት ሺህ ልጅ እንደሚተኛ፣
አልነገርኩትም። ሰማያዊውን ገለጥኩ፤
ናግፑር፣ የመንግሥት ጥርስ፣ ዙር ሁለተኛ።
«ይደርሳታል» አልኩ።

ዳታትራይ ዝናቡን አየ፤ ከዚያ ደብተሩን።
«የጥርስ ሐኪም» አለ፣ ቃሉን እንደ ጠጠር እያላመጠ፣
«ዶክተር ይባላል? ስሟ ላይ ይጻፋል?»
«ይጻፋል።»
«ሰፈር ውስጥስ? ሰርግ ላይስ ማን ብለው ይጠሯታል?»
እዚህ ላይ ደብተሬ ምንም አይልም።

«ጥርሷን ነክሳ ብታጠና ጥርስ ደረሳት» ልል ነበር፤ ዋጥኩት።
ሙክታ ግን ያሰብኩትን የሰማች ይመስል ከት ብላ ሳቀች።
«አባባ፣ አፍህን ክፈት።»
ከፈተ።
በሞባይሏ መብራት ገባችበት፤ ትምባሆ ያጠቆረው ድድ፣
ከታች በቀኝ በኩል ሁለቱ የሉም፤ ሦስተኛው ተሰንጥቋል።
«ይሄ ያምሃል አይደል? ለምን አልነገርከኝም?»
«እያጠናሽ ነበር» አለ፣ አፉን ሳይዘጋ።

አሥር ሩፒዬን አልቀበልም ብለው ተቆጣ፤
ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ወጣ።
ባጃጁ በሦስተኛው ተነሣ።

አንድ ልጅ ቀርቶ ነበር፣ ከነጫማው የራሰ፤
ጣቴን ምራቅ አስነካሁ። «ስንት?» አልኩት።
ከንፈሩን ላሰ።